መቀሌ፣ 1928፦ ማንም ሊከፍልበት ያልወደደው ፊልም

ጠጋ በሉ። ከፍ ባለ ድምፅ የሚወራ አይደለም።

የታሪክ ፊልም ሥራ ውስጥ ያለን ሰዎች ሁላችንም የምናውቀው፣ ማይክ ሲሰጠን ግን አንዳችንም የማንተነፍሰው ነገር አለ። እናንተ የምታዩት ፖስተሩን ነው። ጋሻ፣ ጎራዴ፣ የሚፎክር ፈረሰኛ። በምርቃቱ ዕለት ዳይሬክተሩ ስለ አባቶቻችን ተጋድሎ ሲናገር እንባ ይተናነቀዋል። እኔ ከኋላ ነኝ። ሥራዬ ታሪክ ማጣራት ነው፤ ስክሪፕት ሳይጻፍ ማን መቼ የት እንደነበረ፣ ምን ለብሶ እንደነበረ፣ ማን ከማን ብር እንደተቀበለ እፈልጋለሁ። ይቺ የመጨረሻዋ ላይ ስደርስ ነው ሰው ሁሉ ድንገት ስብሰባ የሚገባው።

በትንንሾቹ ልጀምርላችሁ። አርበኛው የለበሰው የቆሸሸ ጋቢ ትናንት ከሱቅ የተገዛ ነው፤ ሌሊቱን ሻይ ውስጥ ተዘፍዝፎ አድሯል። ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ያለው ጠመንጃ ሁሉ እንጨት ነው። ከአጃቢዎቹ መሃል የእጅ ሰዓቱን ያላወለቀ አንድ ሰው ሁሌም አለ፤ የሚገኘውም ቀረጻው አልቆ ኤዲቲንግ ላይ ነው። ከንጉሡ ጀርባ ያለችው ያቺ ትልቅ ዛፍ ደግሞ ለውበት እንዳትመስላችሁ፤ የመብራት ምሰሶ እየጋረደች ነው። ይኼን ሁሉ የሚያውቅ ያውቃል። የአደባባይ ሚስጥር ነው።

ትልቁ ሌላ ነው።

ቀዳማይ ወያነ ገበያ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? መቀሌ መሃል፣ ሰውና ባጃጅ የሚጋፉበት? ከዚያ አካባቢ ተነስቶ የሚጀምር አንድ ፊልም አለ። በቀል አለበት። ዘረኝነት አለበት። ጉቦ አለበት፤ ያውም በጠገራ ብር። ንጉሣዊ ጋብቻ፣ የልዕልት ሞት፣ ክህደት፣ የአውሮፕላን ቦምብ፣ ሁሉም በአንድ ከተማ ዙሪያ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ተፈጽሟል። ከዚህ የተሻለ ስክሪፕት ማን ይጽፋል? ማንም። ታዲያ ማን ሠራው? እሱንም ማንም።

ኧረ ቆይ፣ ዋሸሁ። ግማሹ ተሠርቷል። የሠሩት ግን ጣሊያኖቹ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮም ውስጥ ኢስቲቱቶ ሉቼ የሚባል የፊልም ድርጅት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1924 የተቋቋመ የፋሺስቱ መንግሥት አፍና ዓይን። ከ1926 ጀምሮ ኢጣሊያ ውስጥ ሲኒማ የገባ ሰው ሁሉ ከዋናው ፊልም በፊት የሉቼን ዜና እንዲያይ በሕግ ተደነገገ። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር የመረብን ወንዝ ሲሻገር ሉቼም አስመራ ላይ የምሥራቅ አፍሪካ ክፍሉን ከፈተ። ካሜራው ከመድፉ እኩል ነው የዘመተው። አድዋ ሲያዝ ካሜራ አለ። መቀሌ ጥቅምት 28 ቀን 1928 ስትያዝም ካሜራ አለ። ወታደሩ በሰልፍ ይገባል፣ ባንዲራው ይሰቀላል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ደስ ሲል!

ግን ጆሮ ስጡኝ። ያ የምትሰሙት ሙዚቃና የተራኪው ድምፅ ሮም ገብቶ የተለጠፈ ነው። የዘመኑ የጦር ሜዳ ፊልም የሚቀረጸው በአብዛኛው ያለ ድምፅ ነበር። የመቀሌ ሰው በዚያ ቀን ምን እንዳለ፣ ማን አፉን ይዞ እንዳለቀሰ፣ ማን በሹክሹክታ እንደተራገመ፣ ካሜራው አልሰማም። እኔ ያንን ፊልም ሳይ ድምፁን አጥፍቼ ነው። ያኔ ፊቶቹ ሌላ ነገር ያወራሉ።

አሁን ወደ በቀሉ።

ሙሶሊኒ ጦርነቱን ሲያውጅ ለሕዝቡ ያለውን ታውቃላችሁ? አርባ ዓመት ታገስን፣ አሁንስ በቃ ነው ያለው። አርባ ዓመት ማለት አድዋ ነው። ስለዚህ ፊልሙ የተነደፈው እንደ በቀል ፊልም ነው፤ ድርሰቱ ከጦርነቱ በፊት አልቋል። መቀሌ ላይ ደግሞ የተለየ ቂም አለ። እንዳ ኢየሱስ! ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደብተሩን ይዞ የሚወጣበት ኮረብታ። በ1888 ዓ.ም. ሻለቃ ጋሊያኖ እዚያ ምሽግ ውስጥ ነበር፣ እቴጌ ጣይቱም የውኃውን ምንጭ አስያዙበት። ያለ ውኃ ስንት ቀን ይፎከራል? ምሽጉን ለቆ ወጣ። እንግዲህ በ1928 ባንዲራው የት ቦታ ላይ ተሰቅሎ ለካሜራ እንዲታይ የተፈለገ ይመስላችኋል? አዎ፣ እዚያው።

ይኼን ያህሉን ማንኛውም ስፖንሰር ይወደዋል። «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ጣይቱን አብዢልን» ይላል። ቀጥሎ ያለውን ስነግረው ነው ቡናው የሚቀዘቅዝበት።

ምክንያቱም ቀጥሎ ያለው ሰው ጣሊያናዊ አይደለም።

ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ። የአፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ልጅ፣ የራስ ጉግሳ አርአያ ልጅ። ሌላም አለ፤ የንጉሠ ነገሥቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አማች ነበር። ልጃቸውን ልዕልት ዘነበወርቅን በ1924 ዓ.ም. አገባ። ልጅቱ ገና አፍላ ነበረች። ዓመት ብዙም ሳይገፋ መቀሌ ላይ ሞተች። አባቷ ሬሳዋን በአውሮፕላን አስመጥተው አዲስ አበባ አስቀበሩ። ያ አውሮፕላን ምን ማለት እንደሆነ ገባችሁ? ያኔ ሬሳ በአውሮፕላን ማስመጣት እንዲህ በቀላሉ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ተበድላ ነበር የሚል ሐሜት ቤተ መንግሥት ደርሶ ነበር ይባላል። በዚህች አንዲት ትዕይንት ብቻ እኔ ፊልሙን በከፈትኩት ነበር። የሞተር ድምፅ፣ የሚነሳ አቧራ፣ አንድም ቃል የለም።

አባቱ ራስ ጉግሳም በዚያው ሰሞን ሞቱ። ልጁ ሙሉ ትግራይን ሲጠብቅ ምሥራቁ ብቻ ተሰጠው፤ ምዕራቡ ከራስ ስዩም መንገሻ ጋር ቀረ። ስዩምም የአፄ ዮሐንስ ዘር ናቸው፤ ሁለቱ ቤቶች ደግሞ ድሮውንም አይዋደዱም። እንግዲህ ቂሙን ቁጠሩት። አማቱ ፊት ነስተውታል፣ ተቀናቃኙ ግማሹን ይዞበታል፣ እሱ ግን የንጉሥ ዘር ነኝ ይላል። እዚህ ላይ አንድ ደግ ሰው ብር ይዞ ብቅ ይላል። ከአስመራ።

እዚህ ጋ ነው ድምፄን የምቀንሰው።

ጣሊያኖቹ ለድንበር መኳንንት ብር መበተን ከጀመሩ ቆይተው ነበር። ሊሬ ሲሉት ገበሬው አይነካም፤ ጠገራ ብር፣ ያችን የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለባትን ነው የሚፈልገው። ሙሶሊኒ ምን አደረገ? የብሯን ማተሚያ ቅርጽ ከኦስትሪያ ወሰደና እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ሮም ላይ ያሳትማት ገባ። ሴትዮዋ ከሞተች ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፣ ብሯ ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው፣ ብሩ ግን ትኩስ ነው! ዘመቻው ከመጀመሩ በፊት የደጃዝማቹ ነገር ለንጉሠ ነገሥቱ ተነግሮ ነበር፤ ከአስመራ የመጣ ማስረጃ ሳይቀር ቀርቦላቸው ነበር ይባላል። እሳቸው ምን አሉ መሰላችሁ? ከመኳንንቱ ብዙዎቹ የጣሊያን ብር ይበላሉ፣ በልተውም ለአገራቸው ይታመናሉ ብለው አለፉት እየተባለ ይወራል። ጉቦ አለ፣ ክህደት የለም ማለታቸው ነው። ስለ ብዙዎቹ ልክ ነበሩ። ስለ አማቻቸው ግን አልነበሩም።

ጦርነቱ መስከረም 22 ተጀመረ። መስከረም መጨረሻ ላይ ደጃዝማቹ ከድቶ ጣሊያን ጋር ገባ። የተጠበቀው ብዙ ሺህ ጦር ነው፤ ተከትሎት የመጣው 1,200 ገደማ ሰው ነበር። ይቺን ቁጥር ልብ በሉልኝ፤ የመቀሌና የአካባቢው ሰው ምላሽ ማለት እሷ ናት። ጌታው ብሩን በላ፣ ሎሌው ግን ቤቱ ቀረ። ሮም የደረሰው ወሬ ሌላ ነው፤ እዚያ ትግራይ በሙሉ እጁን ሰጠ ተብሎ ተለፈፈ። የጣሊያን ጦር አዛዥ ዴ ቦኖ የትግራይ ገዥ አድርጎ ሾመው፣ ካሜራም መጣ።

የሚቀጥለው ክፍል የዘረኝነቱ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሚያስቀኝም የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ምን አገኘ ሰውዬው? ማዕረጉን አሳመሩለት። ለፎቶ አቆሙት። አዲስ አበባ በተያዘ በወሩ ደግሞ ሮም ግዛቱን እንደገና ስትሸነሽን ትግራይን ከኤርትራ ጋር ቀላቀለችው። አለቃው አስመራ ሆነ! ንጉሥ እሆናለሁ ያለው ሰው የጣሊያን ሹማምንት ፈርመው የጨረሱት ወረቀት ላይ እንኳ ስሙ የሌለበት ጌጥ ሆነ። የጥቁር ሰው ታማኝነት በዚያ ሥርዓት ዋጋው ይኼው ነበር። ቀጥሎ የወጡት ሕጎች ነገሩን ግልጽ አደረጉት። መጀመሪያ ወታደሩ ስለ ጥቁር ቆንጆ እየዘፈነ ነው የመጣው። ዘፈኑን መንግሥት አልወደደውም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1937 ላይ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ይታሰራል የሚል ሕግ ወጣ። ልብ በሉ፣ ወንጀሉ ማስገደድ አልነበረም። ወንጀሉ አብሮ መኖር፣ ማፍቀር ነበር። አንድ ሌሊት ችግር የለውም፣ ቡና አፍልታ ብትጠብቀው ግን ወኅኒ!

ይኼ የትኛውም የሉቼ ፊልም ላይ የለም። ሌላም የሌለ ነገር አለ። ከመቀሌ ደቡብ፣ አምባ አራዶም ላይ በየካቲት 1928 የተደረገውን ጦርነት ፊልሙ ያሳያችኋል፤ መድፍ፣ ጭስ፣ ድል። መርዙን ግን አያሳይም። ከአውሮፕላን የወረደውን የሰናፍጭ ጋዝ ኢጣሊያ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ክደውት ኖሩ። ታላቁ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ እዚያው ዘምቶ ነበርና «እኔ አላየሁም» እያለ ከታሪክ ጸሐፊው አንጀሎ ዴል ቦካ ጋር ተሟገተ። የመከላከያ ሚኒስትራቸው በይፋ ያመኑት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ስድሳ ዓመት! በዚህ መሃል የጣሊያኑ ጄኔራል ግራዚያኒ በሊቢያ ያደረገውን የሚያሳየው «የበረሃው አንበሳ» የተባለው ፊልም፣ አንተኒ ኩዊን ዑመር ሙክታርን ሆኖ የሠራበት፣ ኢጣሊያ ውስጥ ታገደ፤ የጦሩን ክብር ይነካል ተብሎ። እ.ኤ.አ. በ1989 ቢቢሲ የሠራውን ስለ ፋሺስት ወንጀል የሚያወራ ዘጋቢ ፊልም ደግሞ የጣሊያን መንግሥት ቴሌቪዥን ገዝቶ ቆለፈበት። ገዝቶ! ሳያሳዩት ለመግዛት የሚከፈል ገንዘብ እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ስለ ገንዘብ ካነሳን፣ የእኛን ሥራ ከስሩ የሚያናጋውን ልንገራችሁ። የእናንተ አያት መቀሌ ገበያ ላይ ቆማ የተቀረጸችበት ፊልም የእናንተ አይደለም። ሮም ነው፣ ሉቼ ቤተ መዛግብት። የዓለም የሰነድ ቅርስ ነው ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2013 ዩኔስኮ መዝግቦታል። ኢንተርኔት ላይ ቁጭ ብላችሁ ማየት ትችላላችሁ። ፊልማችሁ ውስጥ ልታስገቡት ስትፈልጉ ግን ፈቃድና ክፍያ አለ፤ የማኅደር ምስል ደግሞ የሚሸጠው በርዝመቱ ነው። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ ዳይሬክተር የአያቱን ፊት ለማሳየት ኤዲቲንግ ላይ ሲቀመጥ በሰከንድ ያስባል። «እዚህች ጋ ትንሽ ትቆይልኝ ነበር፤ ግን በጀት...» ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ። ካሜራው የማን እንደነበረ እስከ ዛሬ በደረሰኝ ይታወቃል።

ታዲያ አዲስ ቀርጸን አንሠራውም? እሺ፣ ስፖንሰሩ ዘንድ አብራችሁኝ ግቡ።

አድዋ በሉት፣ በሩ ይከፈታል። ቢራ ፋብሪካው፣ ባንኩ፣ ሁሉም አድዋን ይወዳል። አልፈርድባቸውም፤ እኔም እወደዋለሁ። ባንዳ በሉት፣ ጸጥ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌ አንድ ነው፤ «ቤተሰቡ አለ ወይ?» አለ። የሁሉም ቤተሰብ አለ። ከአርበኛው ዘር ፈቃድ ስትጠይቁ ካባና ለምድ ያውሷችኋል፣ ምሳም ይጋብዟችኋል። ከባንዳው ዘር ስትጠይቁ ጠበቃ ይልካሉ። እንዲያውም ግማሹ ሰው የሁለቱም ዘር ነው፤ ይቺን ከእኔ እንዳልሰማችሁ። በኋላ የሚመጣው «ስሙን ቀይሪውና ልብ ወለድ አድርጊው» ነው። ከዚያ «ከተማውንም ቀይሪው»። ከዚያ «ዘመኑንስ?» ሲጨርሱ እጄ ላይ የቀረው የፍቅር ኮሜዲ ነው።

በቀልን መቅረጽ አቅቶን አይደለም። ሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ»ን የሠራው በ1966 ዓ.ም. ነው፤ የደም ካሳ ታሪክ ነው፣ የዛሬው የፊልም ሽልማት እንኳ በፊልሙ ስም ነው የሚጠራው። ዘረኝነትንም መቅረጽ አቅቶን አይደለም። ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ላይ ጀርመን አገር በዘረኞች የሚደበደበውን ምሁርና አገሩ ሲገባ የሚጠብቀውን የደርግ ካድሬ በአንድ ፊልም አስቀምጧቸዋል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ ልዩ የዳኞች ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ወሰደ፣ በዓመቱ ዋጋዱጉ ላይ ትልቁን የወርቅ ፈረስ ደገመ። አጨበጨብን። ያ ሰው ግን ያንን ፊልም ለመጨረስ 14 ዓመት ያህል ታግሏል። ጭብጨባው ላይ ያለ ሰው ይኼን አይጠይቅም፤ እኛ ከኋላ ያለነው ግን ቁጥሯን በቃላችን ነው የምንይዛት፤ ፕሮዲዩሰር «ሁለት ዓመት ይበቃናል» ባለ ቁጥር እየተያየን እንስቃለን።

የመቀሌው ፊልም ሁለተኛ ክፍልም አለው፣ እሱ ደግሞ ይብሳል። ምክንያቱም ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ነጻነት መጣ፣ አዲስ ሹማምንት መጡ፣ ግብር ሰብሳቢውና ጉቦኛውም አብሮ መጣ። ገበሬው መረረው። በ1935 ዓ.ም. እንደርታ፣ ራያና ወጀራት ተነሱ፤ ብላታ ኃይለማርያም ረዳ መሪ ሆኑ፤ አመፁም ቀዳማይ ወያነ ተባለ። ገበያው ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። በ1936 መባቻ አመፀኞቹ መቀሌን ያዙ። መስከረም ሊያልቅ ሲል ከዔደን የተነሱ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መጥተው ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። ልብ በሉ፤ ጣሊያንን ያስወጣልን አጋር፣ በራሳችን መንግሥት ጥያቄ፣ በራሳችን ከተማ ላይ። ራስ አበበ አረጋይ፣ የሸዋው ታላቅ አርበኛ፣ ጦሩን ይዘው ዘመቱ። አሁን በሉ፣ ከዚህ ውስጥ መልካሙን ሰውዬ ምረጡልኝ። ፖስተሩ ላይ ማንን እናድርግ? አርበኛው አመፅ ሊያፍን መጥቷል። አጋሩ ቦምብ ይጥላል። አመፀኛው ደግሞ ስሙ ዛሬ በየፖለቲካው ሰልፍ ላይ ስለሚጠራ ስፖንሰሩ ገና ስሙን ስትጠሩ መነጽሩን ያወልቃል።

ለዚህኛው ክፍል ሉቼም የለም። ሮም ያኔ በራሷ ጣጣ ተይዛለች። የዚያ የመስከረም ፊልም ያለው በሽማግሌዎች አፍ ነው፤ ከሮም ፊልም የሚለየው በሰከንድ ባለማስከፈሉ ነው። ግን እሱንም የሚቀዳ ሰው ጥቂት ነው፣ ሽማግሌዎቹም አይጠብቁም።

አንድ ጊዜ ብቻ ነገሩ ሊሳካ ጫፍ ደርሶ ነበር። ስም አልጠራም። ብር ያለው ሰው ነበር፣ ታሪኩን ወዶታል፣ ስለ ቤተሰቡም ስለ ጠበቃውም ግድ አልነበረውም። ስክሪፕቱን አንብቦ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያነሳው።

«ደጃዝማቹ መጨረሻ ላይ እንዴት ነው የሚሞተው?»

«ከነጻነት በኋላ ተያዘ፣ ተፈረደበት፣ ለብዙ ዓመታት ታሰረ።»

«እሱን አነበብኩት። የሚሞተውን ነው ያልኩሽ። ልዑል ነው፣ ከሃዲ ነው፤ ማን ገደለው?»

«ማንም። አርጅቶ ነው የሞተው። ንጉሠ ነገሥቱ ሞተው እሱ በሕይወት ነበር።»

ስክሪፕቱን ዘጋው፣ ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«እሺ» አለኝ፣ «መሃል ላይ አንድ ሰው ይተኩስበትና ይሳተው። ቢያንስ።»